ጣርማ በርን በጉም ለሚያቋርጥ ሹፌር ምን ይለጠፍ?

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የትራንስፖርት ማህበር ስምሪት ላይ እሰራለሁ። ዶልፊንም ቅጥቅጥም አሉን። ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት፣ ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ አንኮበር፣ ወደ ደነባና እነዋሪ ይሰራሉ። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ‹ክረምት ስለሆነ በጥንቃቄ አሽከርክሩ› የሚል ማሳሰቢያ እንለጥፋለን። የሚያነበው ሰው የለም። ዘንድሮ ምን ብዬ ብጽፍ ይሻላል? ሹፌሮቹ መንገዱን ከእኔ በላይ ያውቁታል።»

መልስ፦

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርዎ ትልቅ ነገር ይዛለች። አዎ፣ መንገዱን ያውቁታል። ከመሪ ጀርባም ጋራዥ ውስጥም ብዙ ቆይቼ አሁን ሹፌሮችን አሰለጥናለሁ፤ ክረምት ላይ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ የማያውቅ ሹፌር ግን አላጋጠመኝም። ስለዚህ «በጥንቃቄ» የምትለው ቃል ለእነሱ ምንም አትነግራቸውም። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው መንገድ አፋፍ ላይ፣ ጣርማ በር ላይ፣ ጉም ወርዷል፣ ከፊት ያለው መኪና የኋላ መብራት እንኳ አይታይም። ግን የባለንብረቱ የቀን ገቢ አለ። ተራው አለ። ከኋላ «ምነው ተኛህ እንዴ?» የሚል ተሳፋሪ አለ። እዚያች ደቂቃ ላይ የሚወስነው እውቀቱ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ መልሴ የሚጀምረው ከሹፌሩ ሳይሆን ከእርስዎ ጠረጴዛ ነው።

ሹፌር ክረምት ላይ የሚፈጥነው ስለማይፈራ አይደለም። ሂሳቡ ስለማይወጣለት ነው። ለባለንብረቱ የሚያስገባው የተቆረጠ ገቢ አለ። ከዚያ የተረፈው ለእሱና ለረዳቱ ነው። በጋ ላይ የለመደውን ምልልስ ክረምት ላይ በዚያው ሰዓት መጨረስ አይችልም። የሚያስገባው ገቢ ግን አልተቀነሰለትም። ጉም ውስጥ ቆሞ የሚጠብቃት እያንዳንዷ ግማሽ ሰዓት ከራሱ ኪስ ትወጣለች። እንዲህ ያለውን ሰው በወረቀት «ቀስ በል» ማለት አያዋጣም። ቀስ ቢል የማይጎዳበትን መንገድ ማመቻቸት ነው የሚያዋጣው።

ከባለንብረቶቹ ጋር ግንቦት ላይ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ከሐምሌ እስከ መስከረም መጀመሪያ የቀን ገቢው ስንት ይሁን? ጉም ወይም ጎርፍ መንገድ በዘጋበት ቀንስ? ይህ ቀድሞ ካልተወሰነ በዕለቱ የሚወስነው ሹፌሩ ነው፤ የሚወስነውም እየነዳ ነው። ባለንብረት ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ፊቱን ሊያጨማድድ ይችላል። የአንድ ቀን ገቢ ከአንድ ግጭት ጥገና ጋር ሲወዳደር ስንት እንደሆነ አብራችሁ በወረቀት ላይ ጻፉት። የሰው ሕይወት ግን በዚያ ወረቀት ላይ የሚሰላ አይደለም።

ሁለተኛው ተራ ነው። ደብረ ሲና ላይ ጉም እስኪገለጥ የቆመ ሹፌር ዘግይቶ ሲደርስ ተራው ካለፈበት፣ በሚቀጥለው ቀን አይቆምም። ይህን ለተራ አስከባሪዎቹ በግልጽ ንገሯቸው፦ በአየር ምክንያት ቆሜ ነበር ብሎ ቀድሞ የደወለ ሹፌር ተራው ይጠበቅለታል። ቀድሞ መደወሉ ነው ዋናው። ከደረሰ በኋላ የሚሰጥ ምክንያት ሌላ ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው፣ «አልሄድም» የማለት መብት ነው። ሹፌሩ ወንዝ ሞልቶ አይቶ ቢመለስ ማንም አይጠይቀውም ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ የመጀመሪያው ሹፌር ሲመለስ በሰው ፊት አመስግኑት። ሌሎቹ የሚያምኑት ወረቀቱን ሳይሆን ያን ነው።

ከዚህ በኋላ ማሳሰቢያው ራሱ ይመጣል። ማሳሰቢያ የሚነበበው ቦታ ሲጠራ ነው። «በተራራማ ቦታ» አትበሉ። ጣርማ በር፣ መዘዞ፣ አርማንያ፣ ሮቢት በሉ። ሹፌሩ ስሙን ሲያነብ ኩርባው ዓይኑ ላይ ይመጣል።

በጣርማ በር ልጀምር፤ የደብረ ሲናና የሸዋ ሮቢት መስመራችሁ የሚፈተነው እዚያ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,280 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ያ ሁሉ ቁልቁለት የሚወረደው በጥቂት አስር ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ነው። ከቆላው የሚነሳው እርጥብ አየር ገደሉን ይዞ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ለዚህ ነው ደብረ ብርሃን ፀሐይ ሆኖ ጣርማ በር ላይ ምንም የማይታየው። ጠዋት ከመናኸሪያ ሲወጣ ሰማዩን አይቶ የሚወስን ሹፌር ስለ ጣርማ በር ምንም አላወቀም ማለት ነው። መረጃው መምጣት ያለበት ከዚያው ቦታ ነው። ከሮቢት የሚመጡት ሹፌሮች ደብረ ብርሃን ሲገቡ ለእርስዎ በቃል ይንገሩ፣ ወይም ቆመው ቴሌግራም ላይ ድምጽ ይላኩ። እርስዎ ሰሌዳው ላይ ይጻፉት፦ «ጣርማ በር፣ 2 ሰዓት ከሩብ፣ ጉም ከባድ፣ ድንጋይ ወርዷል»። ሰዓቱ ካልተጻፈ መረጃው አይጠቅምም፤ ጉም በሃያ ደቂቃ ይለዋወጣል። እየነዱ ቴሌግራም ማንበብ ግን በፍጹም አይፈቀድ።

የጣርማ በር ዋሻ በማሳሰቢያው ላይ ለብቻው አንድ መስመር ይገባዋል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የበሳው ነው፤ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ጠባብም ነው። ዝናብ ሲጥል ሰውም ከብትም ሊጠለልበት ይችላል። ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገባ ዓይን ለመላመድ ጊዜ ይፈልጋል፤ በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ጥቁር ጋቢ የለበሰ ሰው አይታይም። ስለዚህ አጭር መብራት ከመግባት በፊት ይብራ፣ ፍጥነትም ከመግባት በፊት ይቀንስ። ውስጥ ገብቶ ፍሬን መያዝ የኋለኛውን መኪና ይዞ ይመጣል። ሲወጡ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ዋሻው ውስጥ ጥርት ብሎ ይታይ የነበረው ከአፉ ላይ ነጭ ግድግዳ ይሆናል። የዋሻው አፍ ሲቀርብ ቀድሞ ማዝገም ያስፈልጋል።

ጉም ውስጥ ረጅም መብራት አይብራ። ብርሃኑ ጉሙ ላይ ተመልሶ ዓይን ውስጥ ይገባል። ፓውዛ ካለ ዝቅ ብሎ ይታሰር። አራቱን ፍሬቻ አብርቶ መንዳት የብዙ ሹፌር ልማድ ነው፤ እኔ አልመክረውም። ወደ የት እንደሚታጠፍ ማሳየት አይችልም፣ ከኋላ ያለውም ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው ብሎ ይቸገራል። አራቱ ፍሬቻ ሲቆም ነው። መቆም ካስፈለገም ኩርባ ላይ፣ ወይም የተቆረጠ ዳገት ሥር አይሁን። ሰው ባለበት፣ ሰፋ ባለ ቦታ፣ ከመንገዱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ይቁም። ደብረ ሲና ከተማ ድረስ ቀስ ብሎ መድረስ ከቻለ እዚያ ሻይ ጠጥቶ ይጠብቅ።

ስለ ተቆረጠ ዳገት ያልኩት ለወጉ አይደለም። የደብረ ሲና ዙሪያ መሬት የሚንሸራተት መሬት ነው። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ይዛባ ላይ የደረሰውን የአካባቢው ሰው አይረሳውም፤ ቤትም እርሻም ይዞ ነው የሄደው። መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ የሚከብደው ወደ ክረምቱ መጨረሻ ነው። ዝናቡ «ቀነሰ» ተብሎ ሹፌር የሚዝናናው ደግሞ ያኔ ነው። አስፋልቱ ላይ ትናንት ያልነበረ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ ወይም የመብራት ምሰሶ፣ ከዳገቱ ሥር በድንገት የደፈረሰ ውሃ ካየ ለእርስዎ ይደውል። ጠጠር ጠብ ጠብ ሲል ካየ አይቁም፣ ይለፍ።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። ከክረምት ትምህርት ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ፎሌ ላይ አድርጎ፣ ማለትም ማርሹን ነጻ ለቆ የሚወርድ አለ። ነዳጅ ይቆጥባል ይላል። ሞተሩን የሚያጠፋም አለ። ሞተር ከጠፋ የፍሬኑ አጋዥ ኃይል ከሁለት ሦስት እርግጫ በኋላ ያልቃል፣ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይሆናል፣ መሪውም ይከብዳል። ሞተሩ ቢሰራም ፎሌ ላይ ከሆነ መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው። ያ ሁሉ ክብደት የሚለቀው ሙቀት ታምቡሩና ዲስኩ ላይ ያርፋል። የፍሬን ዘይትም ይሞቃል። እዚህ ላይ ክረምት የሚጨምረው ነገር አለ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው። እርጥበት ከጠጣ የሚፈላበት ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ እርጥበት የጠጣው 155 ነው። ዘይቱ ሲፈላ በውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል። እግር ፔዳሉን ይጫናል፣ ፔዳሉ መሬት ይነካል፣ መኪናው አይቆምም። ከዚያ በኋላ ሰው «ፍሬን በጠሰ» ይላል፤ ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ነገር የለም። ሁለት ዓመት ያለፈው ዘይት ከክረምት በፊት ይቀየር። ከጥገና ሁሉ ርካሹ እሱ ነው።

አወራረዱ እንዲህ ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ አፋፉ ላይ፣ ማርሽ ይቀነስ። ዳገቱን ሲወጣ በሚጠቀምበት ማርሽ ይውረድ። ከዚያ ፍሬን ላይ እግር ማሳረፍ የለም። በ40 መውረድ ካሰበ፣ 40 ሲደርስ ጠበቅ አድርጎ ይያዝ፣ ወደ 30 ሲወርድ ሙሉ በሙሉ ይልቀቅ። መልሶ 40 እስኪደርስ ፍሬኑ ይተነፍሳል። እያሻሹ መውረድ ነው የፍሬኑን ሸራ የሚያቃጥለው።

እርጥብ አስፋልት ላይ አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል። ማርሽ በኃይል ከተቀነሰ የኋላ ጎማዎች በድንገት ይያዛሉ፣ መኪናው በቂጡ ይንሸራተታል። ፍሪሲዮኑ ቀስ ብሎ ይለቀቅ። ቅጥቅጥ የሚነዱት ደግሞ የሞተር ፍሬን ማብሪያዋን ያስቧት። ባዶ መኪና፣ የሚያንሸራትት መንገድ፣ የበራ የሞተር ፍሬን፤ ይህ ጥምረት ጥሩ አይደለም። የሚይዘው የኋላውን ብቻ ነው። ሲንሸራተት ከተሰማው ማጥፋት፣ መሪውን ቀጥ ማድረግ፣ ፍሬን አለመርገጥ።

ደብረ ሲና ሲደርሱ ረዳቱ ወርዶ በአራቱም ጎማ ይዙር። የተቃጠለ ሸራ ይሸተዋል ወይ? የእጁን ጀርባ ወደ ቸርኬው ያስጠጋ፤ አይንካው። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ ያ ፍሬን አልለቀቀም ማለት ነው። በዚያ ሁኔታ ወደ ሮቢት አይወረድም። የሚጨስ ጎማ ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋ፣ ታምቡሩ ይሰነጠቃል።

ሮቢት ሌላ ዓለም ናት። እዚያ ጠላት የሚሆነው ያልዘነበ ዝናብ ነው። ቆላው ላይ ፀሐይ ነው፣ ደጋው ላይ ዘንቧል፣ ደራሽ ውሃ ይመጣል። ሹፌሩ ተራ ውሃ መስሎት ይገባል። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር የሚሄድ ውሃ ብዙ ትናንሽ መኪናዎችን ያንሳፍፋል፣ ስልሳ ሴንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ሚኒባስ ሰው ስለጫነ ይከብዳል ብሎ መተማመን አያድንም። ውሃው የሚያነሳው ከሥር ነው።

እዚህ ላይ የምለምንዎት ነገር አለ። የውሃውን ጥልቀት እንዲያይ ረዳት ሱሪውን ሰብስቦ ይላካል። ልጁ አስራ ስምንት፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት ነው። እምቢ ቢል ፈሪ ይባላል። አስራ አምስት ሴንቲ ሜትር በኃይል የሚሄድ ውሃ ትልቅ ሰው ይጥላል። ከሥሩ ያለው መንገድ ተቦርቡሮ እንደሆነ አይታይም። ማሳሰቢያው ላይ በትልቁ ይጻፍልኝ፦ ረዳት ውሃ ውስጥ አይላክም። ድልድይ ላይ ውሃ ከሄደ ይጠበቃል። ደራሽ ውሃ እንደመጣ ብዙ ሳይቆይ ይጎድላል።

ከጥልቀት የለሽ ውሃ ካለፉ በኋላ ፍሬን ረጥቧል። ትንሽ እየነዱ ፔዳሉን በስሱ ጫን ለቀቅ ማድረግ ያደርቀዋል። ከኋላ ማንም አለመኖሩን አይቶ ይሞክረው።

ወደ ደነባና እነዋሪ ያለው ደግሞ ጥቁር አፈር ነው፣ መረሬ። አስፋልቱን ለቆ ትንሽ ዳር መያዝ በጋ ላይ ምንም አይደለም። ነሐሴ ላይ ጎማው ይሰምጣል፣ መኪናው ወደ ቦዩ ያዘነብላል። ለመተላለፍ ዳር መውጣት ከፈለገ መጀመሪያ ይቁም፣ ረዳቱ ወርዶ መሬቱን ይርገጠው። ከእርሻ የሚወጡ ጋሪዎችና ትራክተሮች ጭቃውን አስፋልቱ ላይ ጥለውት ይሄዳሉ። ዝናብ ካካፋበት ሳሙና ነው። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦችም እንደዚያው ናቸው፤ በጋውን ሙሉ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ገና አልታጠበም። ዝናቡ ከጀመረ የመጀመሪያዋ ግማሽ ሰዓት ከዶፉ ትከፋለች።

መሐል ሜዳና አንኮበር ላይ በረዶ ይጨመራል። በረዶ ሲጥል አስፋልቱ ላይ የሚከማቸው እንክብል ጎማውን መሬት አያስነካውም። ይቆማል፣ ይጠበቃል፣ ሌላ ዘዴ የለውም። ሌላው ልጆች ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ልጆቹ ከብት ይዘው መንገድ ዳር ናቸው፣ ማዳበሪያ ከረጢት ወይም ላስቲክ ራሳቸው ላይ ደፍተዋል። ዝናቡ ስለሚጮህ ክላክስም አይሰሙም። በግ ካቋረጠ ልጅ ይከተላል። ይህን ሹፌሩ በቃሉ ይያዘው።

ስለ መስታወት ሰፋ አድርጌ ልጻፍ። አደጋን የሚያመጣው ውጭ ያለው ጉም ብቻ አይደለም፤ መኪናው ውስጥም ጉም አለ።

አስራ አምስት ሰው ዝናብ የጠጣ ጋቢና ነጠላ ለብሶ ዶልፊን ውስጥ ገብቷል። በሩ ተዘጋ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መስታወቱ ሁሉ ላቡን ያወርዳል። ሹፌሩ በእጁ ይጠርጋል። የእጁ ቅባት መስታወቱ ላይ ቀርቶ ከፊት የሚመጣ መብራት ሁሉ ይበተንበታል። ረዳቱ መስኮት ይከፍታል። አንዲት እናት «ልጄ፣ ንፋስ ይመታናል፣ ዝጋው» ይላሉ። ይዘጋል። ሹፌሩ አሁን በእጁ መዳፍ ስፋት በጠረጋት ቀዳዳ እያየ ጣርማ በርን ይወርዳል። ይህ በየቀኑ የሚሆን ነው።

መፍትሄው ከመነሳት በፊት ነው። መስታወቱ ከውስጥ በኩል ጠዋት በሳሙና ታጥቦ በደረቅ ጨርቅ ይጥራ፤ ቆሻሻ መስታወት ቶሎ ይታፈናል። ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና በስሱ ተቀብቶ በደረቅ ጨርቅ ሲወለወል ለተወሰነ ሰዓት እንፋሎቱ እንዳይይዝ ይረዳል። የመኪናው ሙቀት መስጫና ንፋስ መስጫ የሚሰራ ከሆነ ንፋሱ ወደ መስታወቱ ይዙር፣ አየሩም ከውጭ የሚገባ ይሁን። የውስጡን አየር እያዞረ የሚሰጥ ከሆነ እርጥበቱን ነው የሚያዞረው። የማይሰራውን አሁን አሰሩት፤ በእኛ አገር ሚኒባስ ላይ ተበላሽቶ ዓመታት የሚቀመጥ ዕቃ ቢኖር እሱ ነው። እሱም ባይኖር ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ መስኮት ሁለት ጣት ያህል ይከፈት። ለእናትየው የሚነገረውን ረዳቱ ይለማመደው፦ «እማማ፣ ሹፌሩ መንገዱን እንዲያይልን ነው፣ ትንሽ ብቻ። ከፈለጉ ወደዚህ ይቀመጡ።» በትህትና ከተባለ የሚከለክል ተሳፋሪ ጥቂት ነው።

ዋይፐር ጎማው በበጋ ፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሰኔ ሳይገባ ይቀየር። ስፖኪዮና መብራት በእያንዳንዱ ፌርማታ ይጠረጉ፤ የረዳቱ ሥራ ነው።

ጎማ ላይ አጭር ልሁን። በጎማው ጎድጓዳ መስመር መሃል ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ አልቆ ከእነሱ እኩል ከሆነ 1.6 ሚሊ ሜትር ደርሷል፣ ለዝናብ አይሆንም። እኔ ለክረምት ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ያለውን ፊት ላይ አላስርም። ለዝናብ ይሻላል ብሎ ነፋስ መቀነስም ስህተት ነው፤ ነፋሱ ያነሰ ጎማ ውሃ ላይ ቶሎ ይንሳፈፋል። ነፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ሮቢት ወርዶ ሲሞቅ ከፍ ማለቱ የተፈጥሮ ነው፣ እዚያ ጎሚስታ ጋር ቆሞ መቀነስ አያስፈልግም። ማታ ደጋ ሲመለስ ባዶ ይሆንበታል።

ርቀት ደግሞ። በ60 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ደህና ጎማና ፍሬን ያለው፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ከ35 እስከ 40 ሜትር ውስጥ ይቆማል። እርጥብ ላይ 50 ሜትር ያልፋል። ፖርቶ መጋላው ላይ ውሃ የጠጣ እህል ጭኖ ከሆነ ደግሞ ኩርባ ላይ ወደ ውጭ ይጥላል። ከባዱ ጭነት ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ይሁን። ትርፍ ሰው አለመጫንን ሌላ ጊዜ ሁሉም ይነግራቸዋል፤ እኔ የምጨምረው ትርፍ ሰው ማለት ትርፍ እንፋሎትና ትርፍ የፍሬን ርቀት መሆኑን ነው።

ጎማ የቀየረ ሹፌር ከኋላው ያስቀመጠውን ድንጋይ አንስቶ ይሂድ። በጉም ውስጥ ያቺ ድንጋይ ለሚቀጥለው መኪና ወጥመድ ናት፤ የሚቀጥለው መኪና የራሳችሁ ማህበር ሊሆን ይችላል።

ስለ ሹፌሩ ሰውነት ማንም አያነሳም። እኔ ላንሳው። ጭቃ የያዘ ጫማ ከፔዳል ላይ ያንሸራትታል፤ ጋቢና ሲገባ ይጥረገው፣ የተቆረጠ ጆንያ እግሩ ሥር ይኑር። ጠዋት ለብርድ ተብላ የምትቀመስ አረቄ አለች። አረቄ ቆዳን ያሞቃል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ወደ ውጭ ነው የሚያወጣው፣ እጅንና ዓይንንም ያዘገያል። ሻይ በዝንጅብል ይሁን። ጫትም እንዲሁ፤ ሲያነቃ ሳይሆን ሲወርድ ነው እንቅልፉ የሚመጣው፣ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ማታ ዳገቱን ሲወጣ ነው። ይህን በማሳሰቢያ ላይ አትለጥፉት። ለየብቻቸው፣ እንደ ወንድም፣ ሰው ሳይሰማ ንገሯቸው። ሌላም አለ። ሞተር አስነስቶ፣ መስኮት ዘግቶ፣ ሙቀት ፍለጋ መኪና ውስጥ መተኛት ይገድላል። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ገዳይ ጋዝ አይሸትም፣ ሰውየው አይነቃም።

ወረቀቱን እንዲህ ብትጽፉት እወዳለሁ፦

«ለሹፌሮቻችንና ለረዳቶቻችን። ጉም፣ ጎርፍ ወይም ናዳ ካያችሁ ቁሙ፣ ደውሉ፤ ተራችሁ ይጠበቃል፣ የዕለቱ ገቢ በስምምነቱ መሠረት ይታያል። ከጣርማ በር ዋሻ በፊት መብራት አብሩ፣ ፍጥነት ቀንሱ። ወደ ደብረ ሲናና ሮቢት ስትወርዱ አፋፉ ላይ ማርሽ ቀንሱ፣ ፎሌ የለም። ደብረ ሲና ላይ ጎማ ታይቶ ይነሳል። ረዳት ውሃ ውስጥ አይላክም። ሮቢት ላይ ውሃ ድልድዩን ካለፈ ይጠበቃል። መስታወት ከውስጥ ካልጠራ ከመናኸሪያ አይወጣም።»

ከዚህ አይርዘም። ግድግዳ ላይ ብቻ አይለጠፍ፤ አንዱ ቅጂ በየመኪናው የፀሐይ መከላከያ ጀርባ ይግባ። ማንበብ የማይመቸው ይኖራል፣ ስለዚህ ሰኔ መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ጠዋት ከመጀመሪያው መውጫ በፊት በቃል ይነበብ። አንባቢው እርስዎ ባይሆኑ ጥሩ ነው። ከሹፌሮቹ መካከል የሚከበረውን፣ ዕድሜው የገፋውን ምረጡ፣ እሱ በራሱ አማርኛ ይበላቸው። ጠዋት ጠዋት በር ላይ የሚታዩት ነገሮች አራት ብቻ ይሁኑ፦ ዋይፐር፣ መብራት፣ ጎማ፣ የፍሬን ፔዳል። አምስት ደቂቃ ይበቃል። አንዱ ከጎደለ መኪናው ይቆማል፤ የማንም ዘመድ መኪና ቢሆን። አንድ ጊዜ ካለፋችሁት ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ የለም።

መስከረም ላይ ወረቀቱን አንሱት፣ ዓመቱን ሙሉ ከተለጠፈ ዓይን ይለምደዋል። ኅዳር ሲገባ ግን ሌላ አጭር ወረቀት ያስፈልጋችኋል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ደብረ ብርሃን ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ፣ ውርጭ መስታወት ላይ ይጋገራል። የመጀመሪያው መኪና ሹፌር ሩብ ሰዓት ቀድሞ ይምጣ። የፈላ ውሃ መስታወት ላይ አይደፋ፣ ይሰነጠቃል፤ ሞተር አስነስቶ በፕላስቲክ ካርድ ይፋቅ። ባትሪ በብርድ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የናፍጣ ሞተርም ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቀው ካንዴሊታ ካልሰራ በብርድ በቀላሉ አይነሳም። ሁለቱም ጥቅምት ላይ ይታዩ።